ስቴንስሉ ከሥር ያለውን ሥራዬን እየሸፈነብኝ ነው፤ እናንተ እንዴት ነው የምትጠቀሙበት?

የማለዳ_ቀለም

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምሠራው ሚክስድ ሚዲያ (ወረቀት፣ ቀለምና ሌላም ነገር የሚደባለቅበት ሥዕል) ነው፤ በተለይ ላዘነ፣ ለታመመ ወይም ተስፋ ለቆረጠ ሰው የሚሰጥ፣ መሃሉ ላይ አንድ የሚያበረታ ቃል ያለበት ሥራ። አሮጌ የመጽሐፍ ገጽ እለጥፋለሁ፣ በላዩ ጄሶ (ቀለም እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ ነጭ መነሻ) አሳስቼ እቀባለሁ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት አክሬሊክ ቀለም እደራርባለሁ፣ በመጨረሻ ስቴንስል (ንድፍ በቀዳዳ የተቆረጠበት ስስ ሉህ) አስቀምጬ ንድፍ አወጣበታለሁ።

ችግሩ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ስቴንስሉ እስኪያርፍበት ድረስ ሥራው የራሱ መልክ ነበረው። ስቴንስሉ ከተነሳ በኋላ ግን ዓይን ክቦቹን ወይም ቅጠሎቹን እንጂ ሌላ ነገር አያይም። ያንኑ ስቴንስል የያዘ ሰው ሁሉ የሚያወጣው ዓይነት ሥራ ይሆንብኛል፤ ከሥር የለፋሁበት ንብብር ደብዛው ይጠፋል።

ሌላው ደግሞ ቀለሙ በስቴንስሉ ሥር እየሾለከ ጠርዙን ያጨማልቀዋል። ቃሉንም በእጄ ከምጽፈው ፊደሉን ራሴ ቆርጬ ስቴንስል ላደርገው አስቤአለሁ፤ ተቆርጠው የሚመጡት የላቲን ፊደሎች ናቸውና። ሞክሮ የተሳካለት ካለ እህታችሁን ምከሩኝ።

ነጭ_ሸራ

እህቴ፣ መልሱ ጥያቄሽ ውስጥ አለ። “በመጨረሻ” ብለሻል። ስቴንስል መጨረሻ ላይ፣ ሙሉ ለሙሉ፣ በአንድ ወጥ ቀለም ከመጣ ሥራውን ይወርሰዋል። ቀድሞ ቢገባ ግን ሌላው ሁሉ በላዩ ላይ ይመጣበታልና ቦታውን ያውቃል።

እኔ ገና ጄሶው እንደደረቀ ሞዴሊንግ ፔስት ይዤ እነሳለሁ። የአክሬሊክ ማያያዣና የእብነ በረድ ዱቄት የተደባለቀበት ወፍራም ነገር ነው፤ ሲደርቅ ይጠነክራል። ስቴንስሉን በግራ እጄ ጣቶች አጥብቄ ይዤ፣ ፓሌት ናይፉን (የቀለም መዘርጊያ ቢላዋውን) ጋደም አድርጌ፣ ፔስቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አሳልፈዋለሁ። ወደኋላ ከተመለስሽ ፔስቱን በስቴንስሉ ሥር ትገፊዋለሽ። ውፍረቱ ከ2 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይሻላል። ከዚያ አንዱን ጥግ ይዤ፣ ሳላንሸራትት፣ ወደ ላይ አነሳዋለሁ። ስቴንስሉን ሙሉውን አልሞላውም። ከአንዱ ጥግ መዳፍ የምታህል፣ ከታች ደግሞ መሃሏ ላይ የተቋረጠች ሌላ ነገር፣ በቃ።

አድሮ ሲደርቅ በውሃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ አክሬሊክ በሙሉ አለብሰውና ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ቀለሙ ከጉብታው ላይ ይነሳል፤ ከስርጉዱና ከጠርዙ ሥር ግን ይቀራል። ያን ጊዜ ንድፉ ከላይ የተለጠፈ ሳይሆን ከውስጥ የወጣ ይመስላል። እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህችን ቅጽበት ነው፤ ጨርቁ ሲያልፍ አንድ በአንድ እየወጣ ሲመጣ።

መሃል ላይ ደግሞ ስቴንስል ስጠቀም ከጀርባው ቀለም ብዙ የማይርቅ ቀለም እመርጣለሁ። ጀርባው ሰማያዊ ከሆነ ያው ሰማያዊ፣ ጥቂት ነጭ ገብቶበት። ከሩቅ አይታይም፤ ሰው ሲጠጋው ነው የሚመጣው። ለሐዘንተኛ የሚሰጥ ሥራ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚጮህበት ነገር አይፈልግም።

አንድ ንድፍ ጅምሩ ከታየ ዓይን ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። አንቺ ጨርሰሽ አታሳዪው።

ደረቅ_ብሩሽ

ስለ መሹለኩ እኔ ልናገር።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቀለሙ ብዛትና የውሃው ነው። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ከነከርሽ በኋላ ወረቀት ወይም ጨርቅ ላይ ጥረጊው፤ “ምንም የቀረበት አይመስልም” እስክትይ ድረስ። ከዚያ ብሩሹን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ ከላይ ወደ ታች ነካ ነካ አድርጊው። ወደ ጎን አትጎትቺው፤ ሲጎተት ፀጉሩ በስቴንስሉ ጠርዝ ሥር ይገባል። አንድ ጊዜ ሲመታ ፈዛዛ ነው የሚወጣው፤ ደርቆ ሲደገም ይደምቃል። ስፖንጅም ያው ነው። እኔ የሜካፕ ስፖንጅ እመርጣለሁ፤ ቀዳዳው ደቃቅ ስለሆነ ቀለሙን እኩል ይሰጣል።

ገጽሽ ጎርበጥባጣ ከሆነ (የተለጠፈ ወረቀት ካለበት መሆኑ አይቀርም) ስቴንስሉ ሙሉ በሙሉ አይተኛም። እዚያ ላይ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ስቴንስሉን በቦታው በወረቀት ፕላስተር ያዢውና በመጀመሪያ ማት ሚድየም ምቺበት፤ ያ ቀለም የሌለው፣ ሲደርቅ ጥርት የሚለው ነው። የሚሾልከው ሚድየም ይሾልካል፣ ግን አይታይም፤ ሲደርቅ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ከዚያ በላዩ ቀለሙን ምቺ። ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል።

በስፕሬይ የሚረጭ ቀለም ከሆነ ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ርቀሽ፣ በአጭር በአጭሩ። እርጥበቱ ስቴንስሉ ላይ ኩሬ ከሠራ ከማንሳትሽ በፊት በወረቀት ምጠጪው። በጋዝ የሚረጭ ቆርቆሮ ከሆነ መስኮት ክፈቺ፣ ማስክም አድርጊ።

የማለዳ_ቀለም

ነጭ ሸራ፣ ደረቅ ብሩሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማት ሚድየሙን ነገር ጭራሽ አልሰማሁም ነበር። ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ።

ቆራጩ

ልጄ፣ ፊደሉን መቁረጥሽ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ከመቁረጥሽ በፊት ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያቸው።

ስቴንስል ላይ ዋናው ችግር ደሴት ነው፤ ዙሪያው ሲቆረጥ መሃሉ የሚወድቅ ማለቴ ነው። “ወ”ን ብትቆርጪ ሁለቱ ክፍት መሃሎች አብረው ይወድቃሉ፤ “መ”ም እንዲሁ። “ዐ” አንድ ጥቁር ክብ ሆኖ ይቀራል። “ሌ”፣ “ቤ”፣ “ኬ” ላይ ደግሞ ያቺ እግር ላይ ያለች ትንሽ ቀለበት አለች፤ የምታስቸግረው እሷ ነች፣ ምክንያቱም መሃሏ በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ ድልድይ ይተዋል፤ ደሴቱን ከውጭው ጋር የሚያይዝ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ያልተቆረጠ ክፍል። ድልድዩን የብዕር እጥፋት ባለበት ቦታ ላይ ካደረግሽው የፊደሉን መልክ አይሰብርም። ለትንሿ ቀለበት ግን የምመክርሽ መሃሏን ጭራሽ ትተሽ ክብ ነጥብ እንድታደርጊያትና በኋላ በቀጭን ብሩሽ ነጭ ጠብ እንድታደርጊባት ነው።

ቃልም ምረጪ። “ተስፋ” አንድም ደሴት የለውም፤ ሦስቱም ፊደል እንዲሁ ይቆረጣል። “ብርሃን”ም ቀላል ነው። “ሰላም” ላይ “ም” ብቻ፣ “ፍቅር” ላይ “ቅ” ድልድይ ይፈልጋሉ። በ“ተስፋ” ጀምሪ።

ለአንድ ጊዜ ሥራ ወፈር ያለ ካርቶን ይበቃል፤ ፊትና ጀርባውን በአክሬሊክ ሚድየም ብትቀቢው ውሃ ቶሎ አያበላሸውም። ለዘለቄታው ግን ማይላር ነው፤ ፖሊስተር ፕላስቲክ ነው፣ ውሃ አይነካውም፣ ይተጣጠፋል፣ አይቀደድም። 0.19 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው ለእጅ መቁረጫ የሚመች ነው። ከዚያ የወፈረውን በእጅ መቁረጥ ይከብዳል፤ የሳሳው ደግሞ ፔስት ሲጎተትበት ይታጠፋል።

ስትቆርጪ መጀመሪያ ትናንሾቹን፣ ቀጥሎ ትላልቆቹን። ትልቁ ቀድሞ ከወጣ ወረቀቱ ይላላና ትንሹን ስትቆርጪ ይንቀሳቀስብሻል። ክብ ላይ ምላጩን አታዙሪ፤ ምላጩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ወረቀቱን በሌላው እጅሽ አዙሪው። ምላጩን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ፤ የደነዘ ምላጭ እጅ ይጎዳል።

ቆርጠሽ ያወጣሻቸውን ፊደሎች አትጣያቸው። እነሱም ይሠራሉ።

ሐረግ_ሳይ

ይቅርታ ይደረግልኝና የተለየ ሐሳብ አለኝ። እኔ በእጅ መሳል ነው የተማርኩት። ስቴንስል ለማስታወቂያና ለግድግዳ ጌጥ ይሆናል፤ ሰውን ለማበረታታት በሚሠራ ሥራ ላይ ግን የሠሪው እጅ መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ። የሌላ ሰው ንድፍ በቀዳዳ ውስጥ ማሳለፍ የራስ ስሜት ነው ለማለት ይከብደኛል። ማንንም ለማስቀየም አይደለም።

ነጭ_ሸራ

ሐረግ፣ አላስቀየምከንም። ግን በዚህ አልስማማም።

የሰው ልጅ እጁን ድንጋይ ላይ ሲያኖር የተጠቀመው ስቴንስል ነው። ኢንዶኔዥያ፣ ሱላዌሲ ደሴት ላይ፣ ዋሻ ግድግዳ ላይ ያለ የእጅ አሻራ ቢያንስ 39,900 ዓመት እንደሆነው ተለክቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ተደርጓል። አሠራሩ እጅን ዐለቱ ላይ አኑሮ ቀለሙን ዙሪያውን መርጨት ነው። እጁ ሲነሳ ባዶው ቦታ ይቀራል። አርጀንቲና ውስጥም “የእጆች ዋሻ” የሚባለው አለ፤ እዚያ ያሉት አብዛኞቹ የግራ እጅ ናቸው፤ በቀኙ የመርጫውን ቱቦ ይዘው ነበር ተብሎ ይታሰባል። ከዚህ በላይ የሠሪው እጅ የሚታይበት ምን ሥራ አለ?

ጃፓኖቹ ጨርቅ የሚያቀልሙበትን ካታጋሚ እይ። ኮዞ ከሚባል ዛፍ ቅርፊት የተሠራ ወረቀት ካኪ በሚባል ፍሬ ጭማቂ ደራርበው አጣብቀው፣ ዓይን የሚያደክም ቀዳዳ ይቆርጡበታል። ደሴቶቹ እንዳይወድቁ ደግሞ ቀጫጭን የሐር ክር ይዘረጉባቸዋል፤ ጋሽ ቆራጩ ስለ ድልድይ ያነሱት ችግር ነው፣ በክር የተፈታ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስም እ.ኤ.አ. በ1947 በመጽሐፍ ያወጣቸው 20 ሥዕሎች የተባዙት በስቴንስል ነው፤ ፈረንሳዮቹ ፖሽዋር ይሉታል። መጀመሪያ ራሱ ቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ ቆርጦ ሠራቸው፣ ከዚያ በዚያው ዓይነት ጉዋሽ (በውሃ የሚቀጥን ድፍን ቀለም) በስቴንስል ታተሙ።

አንተ የምትለው ችግር አለ፣ አልክድም፤ የማለዳ ቀለምም የጠየቀችው እሱን ነው። ግን ችግሩ ያለው ሳያስቡ ስቴንስሉን ሙሉ አድርጎ ማተሙ ላይ ነው።

ሐረግ_ሳይ

የእጁን ነገር በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም። በቁርጥራጭ መጠቀሙ ላይም እስማማለሁ። የሌላ ሰው ንድፍ የሚለው ላይ ግን አሁንም ጥያቄ አለኝ። የተገዛ ስቴንስል የተጠቀመ ሰው ሥራውን መሸጥ ይችላል?

ደረቅ_ብሩሽ

የስቴንስሉ ንድፍ የነዳፊው ንብረት ነው፤ ስቴንስሉን ስትገዛ ንድፉን አልገዛህም። ብዙዎቹ ነዳፊዎች በእጅ ለተሠራ ሥራ ይፈቅዳሉ፤ በማተሚያ ለሚባዛ ካርድ ወይም ፖስተር ግን አይፈቅዱም ወይም ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ስላልሆነ እያንዳንዱ ምን እንደሚል አንብብ። ለመሸጥ የምትሠራ ከሆነ ራስህ መቁረጡ ከጣጣው ያሳርፋል።

ጄል_ላይ

ጋሽ ቆራጩ “የወጡትን ፊደሎች አትጣያቸው” ያሉትን ልቀጥልበት፤ ለጥያቄዋ ቁልፉ እሱ ነውና።

የወጣውን “ተስፋ” መልሰሽ ገጹ ላይ አስቀምጪው። ቀዳዳውን ሳይሆን ፊደሎቹን ራሳቸውን። በጀርባቸው ስስ ተነሺ ማጣበቂያ ይሁንባቸው። ከዚያ በላያቸውና በዙሪያቸው ቀለም ምቺ፣ ርጪ፣ ደራርቢ። ስታነሻቸው ቃሉ የሚታየው ከሥር በነበረው በአሮጌው ገጽሽና በመጀመሪያው ቀለምሽ ነው። ከሥር ያለው ጠፋብኝ ላልሽው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፤ ቃሉ ራሱ መስኮት ሆኖ የለፋሽበትን ንብብር ያሳያል። ፊደሉ ወፍራም ይሁን፤ ቀጭን ከሆነ በውስጡ ምንም አይታይም። ከሥሩ ያለውም ፈካ ያለ ይሁን፣ ከላይ የሚመጣው ደግሞ ጠቆር ያለ። የተገላቢጦሹም ይሆናል፤ ብቻ ሁለቱ አይቀራረቡ።

እኔ በብዛት የምሠራው በጄል ፕሌት ነው፤ ቀለም ተቀብቶበት ወረቀት የሚታተምበት ለስላሳ ሰሌዳ ነው። በሮለር ስስ አክሬሊክ ጄሉ ላይ ዘርግቼ ስቴንስሉን አስቀምጥበታለሁ፤ ወረቀት ጭኜ በእጄ አሻለሁ። መጀመሪያ የሚወጣው ወረቀት በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለውን ቀለም ይወስዳል። ከዚያ ስቴንስሉን አንስቼ ሌላ ወረቀት ፈጠን ብዬ እጭናለሁ፤ በስቴንስሉ ሥር ተደብቆ የቆየው ቀለም ይመጣል። ይህ ሁለተኛው ሁልጊዜ ይበልጥብኛል። ጠርዙ ለስለስ ይላል፣ የስቴንስሉ መዋቅር ሁሉ እንደ ጥላ ይታያል። ሙሉውን ገጽ አልጠቀምበትም፤ በእጄ እየቀደድኩ ኮላጅ (ቁርጥራጭ የሚለጣጠፍበት ሥራ) ውስጥ አስገባዋለሁ። የተቀደደ ስቴንስል ህትመት የማንም አይመስልም።

የማለዳ_ቀለም

ወይኔ፣ ቃሉ መስኮት ይሆናል ያልሽው! ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር።

ከሥራው ልንገራችሁ። “ተስፋ”ን በካርቶን ቆርጬ፣ የወጡትን ፊደሎች በ“ጄል_ላይ” ምክር አስቀመጥኳቸው። ከሥር የድሮ መዝገበ ቃላት ገጽ ነበር፣ በስስ ቢጫ የተቀባ። በላዩ ጥቁር ሰማያዊ በደረቅ ስፖንጅ ሁለት ጊዜ መታሁበት። ፊደሎቹን ሳነሳ በ“ስ” ውስጥ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይነበባል፣ በ“ፋ” እግር በኩል ደግሞ አንዲት ቃል ብቻዋን ቆማለች። ጠርዙ ንጹህ ነው። ሰማያዊው ላይ የነጭ ሸራን የፔስት ዘዴ ከታች ግራ ጥግ አደረግኩበት፤ ትንሽ ቅጠል፣ ግማሿ ከገጹ ወጥታ የተቆረጠች። አሁን ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቃሉ ነው።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ፔስቱ ላይ በጣም ቀጭን መሰንጠቅ አየሁ፤ በፀጉር ማድረቂያ ነበር ያደረቅሁት። ሌላው፣ በዘይት ፓስቴል (ዘይትና ሰም ባለበት የቀለም ጠመኔ) ጠርዙን ባጠቁር ደስ ይለኛል፤ ይሄዳል?

ነጭ_ሸራ

በጣም ደስ ብሎኛል። ቅጠሏን ከገጹ ማስወጣትሽ ትክክል ነው።

መሰንጠቁ ከሙቀቱ ነው። ላዩ ቀድሞ ሲደርቅ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ውስጡ ሲኮማተር ላዩን ይሰነጥቀዋል። በራሱ ጊዜ ይድረቅ። ወፍራም ከፈለግሽ ሁለት ስስ ንብብር አድርጊ፤ የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ስቴንስሉን በዚያው ቦታ መልሰሽ። ለዚህ መጀመሪያ በሁለቱ ጥግ የእርሳስ ምልክት አድርጊ፣ አለዚያ መልሶ ማግጠም አይቻልም። ደግሞ የተሰነጠቀውን ዝም ብለሽ አትፋቂው፤ ያንን የቀጠነ ቡናማ አልብሰሽ ጥረጊው። ስንጥቁ ቀለም ይዞ ሲቀር የሚሰጠው የእርጅና መልክ ለዚህ ዓይነት ሥራ ያምራል።

ደረቅ_ብሩሽ

የዘይት ፓስቴሉን በተመለከተ፣ ይሄዳል፤ ግን የመጨረሻው ይሁን። አክሬሊክ ዘይት ወይም ሰም ባለበት ላይ አይይዝም፣ ቆይቶ ይላጣል። ዘይቱ በደረቀ አክሬሊክ ላይ ሲመጣ ግን ችግር የለውም። ፓስቴሉ ሙሉ በሙሉ ስለማይደርቅ በእጅ የሚነካ ሥራ ከሆነ መስታወት ውስጥ አድርጊው ወይም በጣም ስስ አድርገሽ በጣትሽ አሽተሽ አስገቢው።

አዲስ_ገጽ

ጥሩ ውይይት ነው፣ ሁሉንም አነበብኩ። እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ስቴንስሎቼ ላይ አክሬሊክ ደርቆ ቀዳዳዎቹ እየጠበቡ ነው፤ ምን ይሻላል? ፔስት የነካውስ?

ቆራጩ

ቀለሙ ስስ ከሆነ ተወው፤ ማይላር ላይ ስስ ቀለም መኖሩ አይጎዳም፣ እንዲያውም ሻከር ስለሚያደርገው ቶሎ አይንሸራተትም። ቀዳዳው መጥበብ ከጀመረ ግን ጠፍጣፋ ሰሃን ላይ ለብ ያለ ሳሙናማ ውሃ አድርገህ አስተኛውና አቆየው። ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተህ በለስላሳ ብሩሽ ከመሃል ወደ ውጭ እሸው። በሁለት አቅጣጫ ካሸኸው ቀጭኑ ድልድይ ይታጠፋል። አልለቅ ያለውን በጥጥ አልኮል ነክረህ ጠበቅ አድርገህ ያዝበት፤ የደረቀ አክሬሊክን ያላላዋል፣ ማይላሩን ግን አይነካውም። የካርቶን ስቴንስል ላይ ይህን አታድርግ።

ፔስት ግን ጊዜ አይሰጥህም። ስቴንስሉን ከማንሳትህ በፊት ውሃ ያለበት ሰሃን አጠገብህ ይኑር፤ እንዳነሳኸው ወዲያው እዚያ ውስጥ ይግባ። ውሃውን ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አትድፋው፤ የእብነ በረዱ ዱቄት ቱቦ ይደፍናል። አቆየውና ዝቃጩ ሲወርድ ውሃውን ቀንሰህ ዝቃጩን ከቆሻሻ ጋር ጣለው። ስቴንስሉን ስታስቀምጥ ተኝቶ ይቀመጥ፣ በየመሃሉ ወረቀት እየገባበት፤ ቀጫጭኖቹ እርስ በርስ ከተጠላለፉ ሲላቀቁ ነው የሚሰበሩት።

አዲስ_ገጽ

አመሰግናለሁ ጋሼ። ዛሬውኑ ሰሃን ላይ አስተኛቸዋለሁ።

የማለዳ_ቀለም

ጋሽ ቆራጩ፣ ቀጥሎ “ሰላም”ን ልቆርጥ ነው። የ“ም”ን ሁለት ክብ በአንድ ድልድይ ላገናኛቸው ወይስ ለየብቻ ድልድይ ይኑራቸው?

ቆራጩ

ለየብቻ ልጄ። በአንድ ድልድይ ካገናኘሻቸው ሁለቱም በአንድ ክር ይንጠለጠላሉ፤ ፔስት ሲጎተትባቸው አብረው ይዞራሉ። ለግራው ክብ ከላይ፣ ለቀኙ ከጎን ተዪለት። ከመቁረጥሽ በፊት በእርሳስ ነድፈሽ እዚህ ለጥፊውና እናየዋለን።